ከተዋናዩ በፊት መቅመስ

የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ያስረከብኩ ዕለት ተረካቢዋ ልጅ ርክክቡ ላይ ፈርማ ከጨረሰች በኋላ፣ "እማማ አስካለ፣ የቀረ ነገር አለ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ብርሌው፣ ዋንጫው፣ የዊስኪ ብርጭቆው፣ የፕላስቲክ በረዶው ሁሉ ዝርዝሩ ላይ ሰፍሯል። "አለ እንጂ" አልኳት። "ተዋናዩ አፉ ላይ ከማድረጉ በፊት አንቺ ትቀምሻለሽ። እሱ ቅጹ ላይ የለም።" ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። የጡረተኛ ወግ ነው ብላ ብትረሳው ምን እንደሚከተል ስለማውቅ ግን ይኸው በጽሑፍ ላስቀምጥላት ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁሌም ያስቸግረኝ ነበር። ባለሙያዎቹ ፕሮፕስ ይሉታል፤ ተዋናይ በእጁ የሚይዘውን፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን ሁሉ ማቅረብ ማለት ነው። ቂርቆስ ያሉት ጎረቤቶቼ "አስካለ ምን ትሠራለች?" ሲባሉ "ቴሌቪዥን ውስጥ ናት" ብለው ያልፉታል። እኔ ደግሞ "ድራማው ላይ የምታዩትን ቢራ የምጠምቀው እኔ ነኝ" ስላቸው ዓይናቸው ይፈጣል። እውነቴን ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ አንዲት ጠብታ አልኮል የሌለበት መጠጥ ስጠምቅ ኖሬያለሁ፤ ከአንድ ቀን በስተቀር።

መጀመሪያ ካዛንቺስ አንድ ትንሽ ሆቴል ውስጥ የዕቃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሆቴሉ ሲዘጋ፣ ከጀርባው ያለውን የእንጨት በረንዳ ያለው የድሮ ቤት የድራማ ሰዎች ለዕቃ ማስቀመጫ ተከራይተውት ብርጭቆ የምታውቅ ሴት እየፈለጉ ነው አሉኝ። ስገባ ቀጠን ያሉ ሰውዬ ነጭ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ብርሌ ያጥባሉ። ጋሽ ከድር ናቸው። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን በቲያትር ዕቃ ክፍል የፈጁ ሰው ነበሩ። ስለ ትምህርቴም ስለ ልምዴም ምንም አልጠየቁኝም። አንድ ብርሌ ሰጡኝና "አጥቢው" አሉኝ። አጥቤ ስመልስላቸው ወደ ብርሃን አንስተው አዩት፣ አሸተቱት፣ "ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ድገሚው" አሉ። ሦስት ጊዜ ካስደገሙኝ በኋላ "ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ድረሺ" አሉኝ። ቅጥሬ ይኸው ነው።

ከእሳቸው የተማርኩትን ሁሉ ልጻፍ ብል ወረቀት አይበቃኝም። ዊስኪ ማለት ሻይ ነው፤ ቶሎ ከቅጠሉ ካልተለየ ግን ካሜራ ላይ ቡና ይመስላል። ቀይ ወይን ከርከዴ ነው። ጠላ የተቆላ ገብስ አፍልቶ ማጥለል ነው። አረቄ ውሃ ነው፤ ማቃጠሉን የሚያመጣው ተዋናዩ ነው። አስቸጋሪው ቢራ ነው። ቀጭን ሻይ ላይ ነጭ ለስላሳ ይጨመርና የተመታ የእንቁላል ነጭ ከላይ በማንኪያ ይደረጋል፤ አረፋው ዳይሬክተሩ "ካት" እስኪል መቆየት አለበት። እንቁላሉን የሚጾሙት ተዋንያን ስለማይነኩት በሁዳዴ ድራማችን ውስጥ ቢራ የሚጠጣ ሰው አልነበረም። ተመልካቹ ይህን አስተውሎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጠጅ የምንለው ብርዝ ነው። ማር በውሃ ይበጠበጣል፣ ለቀለሙ እርድ በጣት ጫፍ ይጨመርበታል። የጋሽ ከድር ሕግ አጭር ነበር፤ ብርዝ ጠዋት ይበጠበጣል፣ ማታ ይደፋል፣ አያድርም። መጠጥ ወደ ቀረጻ ከመግባቱ በፊት ደግሞ "ቢስሚላህ" ብለው ይጎነጩና ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ "ይግባ" ይላሉ። "ይግባ" ካላሉ ዳይሬክተሩ ቢጮህ፣ መብራቱ ቢግል፣ ተዋናዩ ቢያኮርፍ አይገባም። በዕድሜያቸው ሙሉ አልኮል ቀምሰው የማያውቁ ሰው፣ የመጠጥ ቀማሽ ሆነው መኖራቸው ያስቀኝ ነበር። "የማላውቀው ጣዕም ከመጣ እሱ ነው ማለት ነዋ!" ይሉኛል።

በረመዳን እሳቸው ስለማይቀምሱ እኔን ይጠሩኛል። በሁዳዴ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ስለማልቀምስ እሳቸው ይቀምሱልኛል። እንዲህ ስንተጋገዝ ዓመታት አለፉ። ሁለቱ ጾሞች የተገናኙ ዓመት ግን ቸግሮን ሾፌሩን አስቀመስነው። ሾፌሩ ሁሉንም "አሪፍ ነው" እያለ ብርጭቆ ሙሉ ስለሚጨልጥ በአንድ ሳምንት ተሰናበተ፤ ማለቴ ከቅምሻው።

ድራማችን የቤተሰብ ድራማ ነበር። እሑድ ሲተላለፍ አያት፣ ወላጅና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ሆነው እንዲያዩት ተብሎ የሚሠራ። ስለዚህ ድርጅታችን የራሱ የይዘት ኮሚቴ ነበረው። ሰብሳቢው አቶ ፍስሐ ይባላሉ፤ ቀድሞ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ እኛንም እንደ ተማሪ ነበር የሚያዩን። ስለ መጠጥ የወጣውን ደንብ እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። የቤቱ አባት ከሻይና ከወተት ሌላ አይነካም። አጭበርባሪው ነጋዴ ዊስኪ ይጠጣል። ብርጭቆ የያዘች ሴት ክፍሉ ሳያልቅ ትጸጸታለች። ልጅና ጠርሙስ አንድ ላይ አይታዩም። ሰካራም ካለ ይሳቅበታል እንጂ አይታዘንለትም። ሦስት ልጆች ስለማሳድግ ደንቡን ከልቤ እደግፈው ነበር። አሁንም ቢሆን ሁሉም ስህተት ነው አልልም።

ግን ከካሜራው ጀርባ ያለነው ሰዎች የምናውቀው ሌላ ነበር። ወተት ብቻ የሚጠጣውን አባት የሚጫወተው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት መጠጥ መጠጥ እየሸተተ ሲመጣ ሜንታ ከረሜላ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሰካራሙን አጎት በላይን የሚጫወተው መኩሪያ ደግሞ መጠጥ ከተወ አራት ዓመት አልፎት ነበር። እንዴት እንደተወው፣ ከዚያ በፊት ሚስቱን አልማዝን ምን ያህል እንዳስለቀሰ፣ እቃ ሳጥብ አጠገቤ ተቀምጦ ራሱ ነግሮኛል። መኩሪያ ሲጫወት ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ዓይኑ ውሃ ይሞላል፤ ይህ ሁሉ በብርዝ።

አንድ ቀን ከዕቃ ቤቱ ወጥተን አብረን ወደ ታክሲ ስንሄድ ከአንድ ግሮሰሪ በር ላይ ወጣቶች ተንጫጩ።

"አጎት በላይ! ፋዘር፣ ና አንድ በእኛ!"

"ዛሬ ሆዴን አሞኛል፣ ኑሩልኝ" ብሎ እጁን አውለበለበና አለፍን። ትንሽ እንደሄድን ቆመ። "አየሽ አስኩ፣ ስጠጣ በነበረ ጊዜ ማንም 'ጠጣ' ብሎኝ አያውቅም። ተውኩት፣ ከተማው በሙሉ ጋባዥ ሆነ በቃ።"

"ታዲያ ሌላ ገጸ ባሕርይ ስጡኝ አትላቸውም?"

"ይሄ ነው እንጀራዬ። ደግሞ እናንተ አላችሁ። የእናንተን ብርሌ ሳላሸት ነው የምጠጣው።"

ይህን ያለኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን ስንት ሌሊት እንዳስገላበጠኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጋሽ ከድር ጡረታ የወጡ ዓመት ክፍሉ ለእኔ ተሰጠኝ። ያለ እሳቸው የመጀመሪያው ሁዳዴ ገባ። ዳይሬክተራችን ዳንኤል፣ ጎበዝ ግን ጥድፊያ የሚወድ ሰው፣ ጠጅ ቤት ውስጥ የሚሆን ረጅም ትዕይንት አዘጋጀ። አጎት በላይ የእህቱ ልጅ በምትመረቅበት ቀን ጠጅ ቤት ተቀምጦ ይቀራል። ዳንኤል "ገንቦው የእውነት ጠጅ ቤት ገንቦ ይሁንልኝ" ስላለ ከሰፈሩ ጠጅ ቤት አንድ አሮጌ ገንቦ ተዋስኩ። ጥቀርሻና ወዙ እንዳይጠፋ በውሃ ብቻ አለቅልቄ ሐሙስ ጠዋት ብርዙን በጠበጥኩበት።

ሐሙስ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ቀረጻው ለማክሰኞ ተዛወረ። ብርዙን መድፋት ነበረብኝ። ማር ተወዷል፣ በጀቱን ጨርሰናል፣ እንደገና ልጠይቅ ብል ያጉረመርማሉ ብዬ ገንቦውን ከድኜ የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተውኩት። የመጋቢት ፀሐይ ያንን ቆርቆሮ እንዴት እንደሚያግለው የማላውቅ አልነበርኩም።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ክዳኑን ሳነሳ ዳር ዳሩን ትንሽ አረፋ ይዟል። ለካሜራ ጥሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሽታውንም የገንቦው ነው ብዬ አለፍኩት። እንደ ልማዴ ቀድቼ ወደ አፌ ላስጠጋ ስል ጾም መሆኔ ትዝ አለኝና ብርሌውን አስቀመጥኩት። ግቢው ውስጥ ሃያ ሰው ነበር፤ የማይጾምም አለ። "እስኪ ቅመሱልኝ" ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ዳንኤል "አስኩ፣ ቶሎ!" እያለ ነበር። "ይግባ" አልኩ።

መኩሪያ ስምንት ጊዜ ደጋግሞ ተጫወተው። በየድግግሞሹ ብርሌውን እሞላለሁ፤ መጠኑ እንዳይለያይ አንገቱ ላይ በጥፍር ቀለም ያደረግኳትን ነጥብ እያየሁ። ከሦስተኛው በኋላ መብራት የያዙት ልጆች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ስምንተኛው ላይ ግን የሳቀ አልነበረም። መኩሪያ ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር ጨመረ፤ ባዶውን ብርሌ ጉንጩ ላይ አስደገፈ። ዳንኤል "ካት! ጨርሰናል!" ብሎ አጨበጨበ። መኩሪያ ማንንም ሳይሰናበት ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዕቃ እየሰበሰብኩ ነበር። ጠምቶኛል። ከገንቦው በብርሌ ቀድቼ "በስመ አብ" ብዬ ተጎነጨሁ። ምላሴን ቆንጠጥ አደረገኝ፣ ጉሮሮዬ ሞቀ። ገና ያልበሰለ ጠጅ ነበር። የተዋስኩት ገንቦ ውስጥ የቀረው አተላና አምስት ቀን ሙቀት ብርዙን አብላልተውታል። ወደ በሩ ሮጥኩ፤ መኩሪያ ከሄደ ቆይቷል።

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። የድርጅቱ ሰው ቤቱ ሄዶ የለም ተባለ። ዓርብ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ እኔም የዕቃ ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ ተቀምጫለሁ። አቶ ፍስሐ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "ድሮም የጠጪ ነገር! ሰውየው የሚጫወተውን ሆኖ አረፈው" አሉ። ቀጥለውም አጎት በላይ በጉበት በሽታ ሞቶ ከድራማው እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። "ለሕዝቡም ትምህርት ይሆናል።" ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሥራዬን፣ ልጆቼን፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን አሰብኩ እንጂ አልተነፈስኩም። በሥራ ዘመኔ የማፍርበት ቀን የትኛው ነው ብትሉኝ ማክሰኞ አይደለም፤ ያ ዓርብ ነው።

ከስብሰባው እንደወጣሁ እግሬ ሰንጋ ተራ ወሰደኝ። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት ጋሽ ከድር እዚያ አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ነጩን ጨርቅ ከትከሻቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ እያጣጠፉ ሰሙኝ።

"ለምን አልቀመሽም?"

"ጾም ነበርኩ ጋሽዬ።"

"እሱስ?" አሉኝ። "አራት ዓመት የጾመ ሰው አይደለም እንዴ? የአንቺን ጾም ስትጠብቂ የእሱን አስገደፍሽው እኮ ልጄ።"

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እኔ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እስኪወጣልኝ ጠበቁኝና፣ "መጀመሪያ ሚስቱ ጋ፣ ቀጥሎ ኮሚቴው ጋ። ዛሬውኑ" አሉኝ።

አልማዝ በሩን የከፈተችልኝ ዓይኗ አብጦ ነው። ከዚያ በፊት ተገናኝተን አናውቅም።

"ከቀረጻ ነው የመጣሽው? ከማን ጋር እንደጠጣ ልትነግሪኝ ነው?"

"ያጠጣሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ገንቦውን፣ አምስቱን ቀን፣ ያልቀመስኩትን ብርሌ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ደጃፉ ላይ ዝርጥ ብላ ተቀመጠች።

"ሆን ብሎ አይደለማ?" አለች። "አላወቀም ነበራ? ወንድሙ ጋ ናዝሬት ነኝ፣ እየጠጣሁ አይደለም ብሎ ሲደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ነው የዘጋሁበት! እኔ ምኗ ሚስት ነኝ?" ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የእሷ ለቅሶ የእፎይታ ነበር፤ እኔ ግን ገና እፎይ ማለት አልቻልኩም።

ከዚያው ወደ አቶ ፍስሐ ቢሮ ሄድኩ። ቆሜ ተናገርኩ። "ሦስት ዓመት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የመጠጥ ስም እንዳይታይ ስንከራከር..." ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። በደመወዜ ተቀጣሁ፣ ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ ገባ። አጎት በላይን የሚገድለው ጽሑፍ ግን ተቀደደ። ስወጣ ጠሩኝና "ወይዘሮ አስካለ፣ ዛሬ ስብሰባው ላይ የተናገርኩትን እኔም ለእሱ እነግረዋለሁ" አሉኝ። ነገሩትም።

መኩሪያ በአሥራ አንደኛው ቀን ከአልማዝ ጋር መጣ። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሳየው የማጥበውን ብርሌ አስቀመጥኩ። እሱ ነው የጀመረው።

"ከሁለተኛው ብርሌ ጀምሮ አውቄው ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺን ላለማስወቀስ እንዳይመስልሽ። ጣፍጦኝ ነው።" ወለሉን እያየ ነበር። "ከዚህ ስወጣ እስከ ስታዲየም ድረስ ያለው መጠጥ ቤት ሁሉ የሚጠራኝ መሰለኝ። ቤቴ ብገባ ተመልሼ እንደምወጣ አውቃለሁ። መናኸሪያ ሄጄ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም፤ በልጆቼ።"

እኛ ሁላችን የሆነ ቦታ ወድቋል ስንል ሰውየው ሲሸሽ ነበር። ያኔ ነው ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ የወረደልኝ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው።

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"እሺ። ግን አንድ ነገር፤ ከዛሬ ጀምሮ ስትቀምሺ እያየሁሽ ነው የምጠጣው።"

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። በሁዳዴም፣ በፍልሰታም፣ ዓርብም ረቡዕም ከእሱ በፊት እቀምሳለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ፤ የመለሱልኝን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። አቶ ፍስሐም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አጎት በላይ መጠጥ እንዲተው ፈቀዱ። ከአሁን በኋላ አያስቅም ብለው የፈሩ ነበሩ። ትንሽ ቀንሷል፤ ግን በየመንገዱ የሚጋብዘው ሰው ቀረለት፤ "በርታ አጎቴ" ይሉት ጀመር።

ጡረታ የወጣሁት በሁዳዴ ነው። ያ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት ሊፈርስ ምልክት ተቀብቶበት ነበር፤ መሸኛ ምሳውንም እዚያው ግቢ ውስጥ አዘጋጁልኝ። ጋሽ ከድር ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ነጩ ጨርቃቸው አሁን የእኔ ነው፣ ያን ዕለት ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ነበር። መኩሪያ ከዘራ ይዞ፣ ከአልማዝ ጋር መጣ። ተረካቢዋ ልጅ እያንዳንዱ እንግዳ ፊት ብርሌ አስቀመጠች፤ ብርዝ መሆኑን ነገረችን።

ሁሉም ብርሌውን አነሳ። መኩሪያ አላነሳም። ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገውና ጠበቀ። ሰዓቱ ገና ሰባት ተኩል ነበር። ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

አንስቼ ተጎነጨሁ። ትንሽ ቆየሁ። ማርና ውሃ ብቻ ነበር።

"ይግባ" አልኩት።

ጨልጦ ጠጣና ባዶውን ብርሌ ለልጅቷ ሰጣት።